የቀንድ ዱቄት

አባቴ ሚዶ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማሽተት ነበር። መርፌ ከሰል ላይ ያግላል፣ የሚዶውን ጫፍ ነካ ያደርግበታል፣ ብን የምትለውን ጭስ ወደ አፍንጫው ይስብና ፍርዱን ይሰጣል። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ቀንድ ነው። ሌላ ነገር ከሸተተ ግን ያመጣው ሰው ንጉሥ ቢሆን እንኳ አይምረውም፤ «ይሄ የላምባ የእንጀራ ልጅ ነው፣ ከፊቴ አንሳልኝ» ይለዋል።

«ነይ እስቲ እመት ጥያቄ፣ አሽቺ» ይለኝ ነበር እኔን። ስሜ አይደለም። ከእንቅልፌ ስነሳ «ለምን» ብዬ ጀምሬ «ለምን» እያልኩ ስለምተኛ ያወጣልኝ የሹመት ስም ነው። እኔም አፍንጫዬን አስግጌ አሸትና «ፀጉር!» እላለሁ።

«ጎሽ! ፀጉርና ቀንድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጥፍርም ሦስተኛቸው ነው። ሰውም ሆነ ከብት ከገዛ አካሉ የሚያወጣው ነገር ነው፤ አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ ይጠነክራል እንጂ አንድ ናቸው። ፕላስቲክ ግን ዘመድ የለውም። ማን ወለደው? ማሽን!»

አይ አባቴ! ዛሬ እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የፕላስቲክ ምዕራፍ ላይ ስደርስ አንድ ማንኪያና አንድ ዘለላ ፀጉር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና «ሁለቱም ሰንሰለት ናቸው» እላቸዋለሁ ተማሪዎቼን። ትንንሽ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት። ልዩነቱ ፀጉሩን የሠራው ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ስለዚህ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት መፍቻውን ያውቁታል። ማንኪያውን ደግሞ ሰው ከነዳጅ ዘይት ነው አብስሎ የቀጠለው፤ አፈር ምኑን ከምን እንደሚፈታው ገና ግራ እንደገባው ነው። አባቴ ይህን ቢሰማ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» ይል ነበር።

አባቴ የቀንድ ሚዶ የሚሠራበት ሱቅ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር፤ በአንድ በሩ መንገድ፣ በሌላው በሩ ግቢ። ከግቢው ማዶ እናቴ የምትተኛበት ክፍል አለ። ቀንዱ ከቄራ በጆንያ ይመጣል። አባቴ በበርሜል ይቀቅለዋል፣ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፣ እኛ ደግሞ ለምደነው ምንም አይሸተንም። ከዚያ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ከሰል ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል፣ ሲለዝብለት በሁለት ብረት መሐል ጠፍጥፎ ያስረዋል። እዚያ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሳይቀዘቅዝ ያወጡት እንደሆነ ቀስ እያለ ወደ ጥንት ጥምዝነቱ ይመለሳል። «ልቡ የበቀለበት ራስ ላይ ነው» ይለኛል አባቴ። እኔ ይህን ስሰማ ለቀንዱ አዝን ነበር።

ተጠርቦና ተሞርዶ ያለቀ ሚዶ ሁሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በእናቴ ፀጉር ውስጥ ያልፋል። ሕጉ ይህ ነው። እናቴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ አባቴ ከኋላዋ ይቆማል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይስበዋል። ከያዘ ጥርሱ ገና ነው፤ ወደ ሞረድ ይመለሳል። ካልያዘ አልቋል። የእናቴ ፀጉር ብዙና ወፍራም ስለነበር ሚዶው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ነው። «ባሌ ያገባኝ ለሥራው ነው» ትል ነበር እየሳቀች። አባቴ ሲሰማ ያፍራል።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። ሳፋ፣ ጆግ፣ ባልዲ፣ ሚዶ፣ የፈለጋችሁት ቀለም። ቤታችን ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ አባቴን ለማናደድ ስትል ደግሞ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታራግፈው።

«ይኸውልህ! ቢወድቅ አይሰበር፣ ውሃ አይጠጣ፣ ብል አይበላው።»

«ብል እንኳ የናቀውን ነው ሰው ራስ ላይ የማወጣው፣ እትዬ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ሲሉ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ቀንዱ ግን እኔ ጋ ነው ያለው።»

አክስቴ ጭኗን እየመታች ትስቃለች። እናቴም ከግቢው ማዶ ሆና ትስቃለች። ገበያው ግን አልሳቀም። የአባቴ ሚዶዎች መስኮቱ ላይ አቧራ እየጠጡ፣ የአክስቴ ደግሞ በየሰው ኪስ እየገቡ ነበር። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው መጋዙ ብዙ ቀን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ መዋሉን፣ አባቴም ከበፊቱ ይልቅ ለእኔ ጊዜ ማግኘቱን ብቻ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም።

እናቴ ያመማት በዚያ ሰሞን ነው። «ትንሽ አሟት ነው» ተባልኩ። ትንሽ ያመመው ሰው ሆስፒታል አድሮ ይመጣል እንዴ ብል፣ «እመት ጥያቄ፣ ዛሬ እንኳ እረፍት አድርጊ» አለኝ አባቴ። ትመጣለች፣ ትተኛለች፣ ታስታውካለች፣ ትንሽ ሻል ሲላት መልሰው ይወስዷታል። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ወሬው ሁሉ እኔ ስገባ ይቆማል። እኔም ሲበዛ ጎበዝ ነኝ ባይ ስለነበርኩ፣ ያልነገሩኝን ራሴ አገኘዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

አንድ ጠዋት እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አክስቴ በሰጠቻት ቢጫ ሚዶ ስታበጥር ፀጉሯ ተነቅሎ ሲመጣ አየሁ። በአንድ በሁለት አይደለም፤ በጭብጥ። ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ ለማለት ሞከረች። እኔ ግን ሚዶውን ነበር የማየው። ያ ቢጫ ሚዶ ፀጉር ላይ ሲታሽ ቁርጥራጭ ወረቀት ዘሎ እንደሚለጠፍበት አውቃለሁ፤ ስንቴ ተጫውቼበታለሁ። በቃ፣ ሌባውን ያዝኩት! ይስባል እኮ! ወረቀት የሳበ ፀጉር ምን ያቅተዋል? ሰረቅኩትና ግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ዛሬም ብትቆፍሩ ከነቢጫነቱ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ለአባቴ ምሥጢሩን ነገርኩት። አልሳቀብኝም። በማግስቱ ጥርሱ ሰፊ፣ ጫፉ ሁሉ ክብ የሆነ ሚዶ ሠርቶ፣ እየደጋገመ ጉንጩ ላይ እየሞከረው ይዞላት ገባ። ከኋላዋ ቆመ። አንድ ጊዜ ሳበው። ምንም አልያዘም፤ እንደዚያ ቀሎ ሄዶ አያውቅም። ሲያነሳው ግን ፀጉሩ ከነሥሩ አብሮት ተነሳ።

«አየሽ፣ ቀንድም ያው ነው» አላት፤ ፀጉሩን ከጥርሱ መሐል እየለቀመ።

«አንተ ምን ታደርግ» አለችው እናቴ። «ሚዶው ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው።»

የፕላስቲኩ ነገር ይገባኛል፣ እሱ ባዳ ነው። ቀንዱ ግን እንዴት የገዛ እህቱን ይነቅላል?

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አትክልተኛ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ትልቅ ግቢ አበቦች የሚንከባከቡ። አልፎ አልፎ እየመጡ ከአባቴ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ፍቅፋቂና ዱቄት በጆንያ ጠርገው ይወስዳሉ። ያን ቀንም መጡ።

«ለምንድን ነው የሚወስዱት አባባ?»

«ለጽጌረዳዎቼ ነዋ። ይኸ የቀንድ ዱቄት ጉደኛ ነው፣ ልጄ። ባለፈው አንዷ ግንድ ብቻ ቀርታ፣ አለቀላት ብዬ ልነቅላት ነበር። ሥሯ ላይ ይህን ብበትንላት፣ ቀስ በቀስ እያለች ይኸው ዛሬ ጎረቤቶቿን በልጣ አበበች።»

አንድ ነገር ውስጤ ብልጭ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔ ግን ታንቄ መሞቱ አልታየኝም። የታየኝ ይህ ነው፦ ቀንድና ፀጉር አንድ ናቸው፤ አባቴ ነግሮኛል፣ አፍንጫዬም መስክሯል። የቀንድ ዱቄት የደረቀ ግንድ ያስበቅላል፤ አባባ በዓይናቸው አይተዋል። እንግዲህ የእናቴን ራስ ማን አስቦት ያውቃል? ዶክተሮቹ ስለ ቀንድ ምን ያውቃሉ? እስካሁን ማንም እዚህ ላይ አለመድረሱ ገረመኝ።

ጣሳ ፈልጌ ዱቄቱን ሞላሁ፣ በዘይት ለወስኩትና ገባሁ። እናቴ ያን ጊዜ ሻሽ ማሰር ጀምራለች።

«እማዬ፣ ሻሽሽን አውልቂልኝ።»

«ለምን ፈለግሽው?»

እንደ አስተማሪ ቆሜ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ጽጌረዳዋንም፣ ዘመድነቱንም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ያ ነው። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ሻሿን ፈታች። ራሷን እንደዚያ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ ነው። የሌላ ሰው ራስ ይመስላል። ግን አሸሁላት፤ ከግንባሯ ጀምሬ እስከ ማጅራቷ፣ ከጆሮዋ ኋላ ሳይቀር።

«ያሳክክሻል?»

«የለም። ደስ ይላል።»

ዓይኗን ጨፍና ነበር። አክስቴ በዚያ መሐል ገባችና «አንቺ ልጅ! ምን እየቀባሻት ነው? አብደሻል?» ብላ ጮኸች። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ተዪያት» አለቻት። «ተዪያት እህቴ፣ እጇ ይሙቀኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቤት ባለች ቁጥር፣ አንድም ቀን ሳላሳልፍ አሸሁላት። ምንም አልበቀለም። «ጽጌረዳዋም ወዲያው አይደለም ያበበችው» እላታለሁ፤ «እውነትሽን ነው» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ከራስጌዋ በላይ ውሃ የሞላ ከረጢት ተሰቅሏል፤ ከእሱ ቀጭን ቱቦ ወርዶ ክንዷ ውስጥ ይገባል። አባቴ ቱቦውን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ብዙ ጊዜ ዳሰሰው፤ ቀንድ የሚመርጥበት አነካክ ነው። ከረጢቱም ቱቦውም ፕላስቲክ መሆኑን አውቃለሁ። አክስቴ አጠገባችን ቆማለች። አሁን አለቀለት፣ አሁን ትቀልድበታለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። «ለስላሳ ነው» አለ አባቴ በመጨረሻ፤ «ምንም አይቆረቁራት።» ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ፕላስቲክ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ እናቴን ወደ ቤት አመጧት። አባቴና አክስቴ ሱቁ ውስጥ ሲነጋገሩ እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«መድኃኒቱስ?» አለች አክስቴ።

«ይቁም አሉ። ከዚህ በላይ እሷን ማድከም ነው አሉ። ቤቷ ትሁን፣ ከልጇ ጋር ትሁን።»

አክስቴ በርጩማ ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ።

እኔ ግን ከበሩ ኋላ ልጮህ ምንም አልቀረኝ! ባለፈው ሳል ይዞኝ ሽሮፕ ስጠጣ፣ ሻል ሲለኝ ነው እኮ «በቃ ይቁም» የተባለው። መድኃኒት የሚቆመው ለዳነ ሰው ነው። ወደ ቤት የሚሰደደውም የዳነ ነው። ለምን እንደማይጨፍሩ አልገባኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ደስታቸውን ይደብቃሉ ብዬ ተውኳቸው።

ከዚያም በቀለ።

እያሸሁላት ሳለ መዳፌን የሆነ ነገር ኮሰኮሰኝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኳት። እንደ ጫጩት ላባ የሳሳ፣ ግን ፀጉር ነው! ጣሳዬን ጥዬ ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ።

«አባዬ! በቀለ! እማዬ ፀጉር አበቀለች!»

አባቴ የያዘውን ነገር አስቀመጠ። እጁን ታጠበ፣ እንደገና ታጠበ፣ ገባና መዳፉን ራሷ ላይ አሳረፈ። ሁለቱ ተያዩ። «ልጅህ እኮ አበቀለችልኝ» አለችው እናቴ። አባቴ «አዎ፣ እጇ ይባረክ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው በደስታ እንደሚያለቅስ ሰምቼ ስለነበር አልደነገጥኩም። እኔማ በዚያን ቀን ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም፤ ለአትክልተኛውም ሄጄ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው «እሰይ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቃዛ ነበር።

የዚህን ነገር እውነት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ አስተማሪዎች ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የእናቴን ዓይነት ሕመም ታማ ሕክምና ላይ ነበረች። እኔ ስለ ሻሿ ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ ሳለ እሷ ሳቀችና «አይዞሽ፣ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ከቆመ ፀጉር በራሱ ጊዜ ይበቅላል» አለችኝ። እሷን ለማጽናናት የገባሁት እኔ ራሴ ማጽናኛ ፈለግሁ። ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የበቀለው መድኃኒቱ ስለቆመ ነው። መድኃኒቱ የቆመው ተስፋ ስለተቆረጠ ነው። በእያንዳንዱ ቀን እየሮጥኩ «ዛሬ ደግሞ ጨመረ!» ብዬ ለአባቴ ስነግረው፣ ምን እየነገርኩት እንደነበር እሱ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞስ ባውቅ ምን ላደርግ ነበር? ምንም። ሦስታችንም ምንም።

ያኔ ፀጉሯ እየበቀለ እሷ ግን እየከሳች ሄደች። ይህንንም በራሴ ሒሳብ ፈታሁት፤ ጉልበቷን ሁሉ ፀጉሩ እየወሰደባት ስለሆነ ዱቄቱ መጨመር አለበት። ግን ጣሳው ባዶ ነበር። መጋዙ ከግድግዳ ካልወረደ፣ ከጠረጴዛው ሥር ምን ፍቅፋቂ ይገኛል?

«አባዬ፣ ዱቄት አለቀ» አልኩት፤ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከዚያ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከጣራው ሥር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ሲፈታው ቀንድ ነው። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ማር የመሰለ፣ ወደ ጫፉ እየጠቆረ የሚሄድ። ወደ በሩ ሲያዞረው ብርሃኑ በውስጡ አለፈ።

«ምን ልትሠራው ነበር?»

«እንጃ። ቆንጆ ነገር።»

ቀንዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባለው የብረት መያዣ፣ በሞርሳው፣ አሰረና ሞረዱን አነሳ። እንዲያው ልጅ ብሆንም የቀንድ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው!»

«ደህና ስለሆነ ነው» አለኝ። «ጣሳሽን ያዢ።»

ከሥሩ ቆሜ ያዝኩለት። ሞረዱ በሄደ በተመለሰ ቁጥር ቢጫ ዱቄት እየቦነነ ይወርዳል። ሱቁ ሁሉ እሱን እሱን ሸተተ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን የመሰለ ቀንድ ምን የመሰለ ፀጉር ያወጣል! ቀንዱ እየተበላ ሄደ፣ ጣሳው እየሞላ መጣ።

በግቢው በኩል ያለው በር ላይ አክስቴ መጥታ ቆመች። ሻሿን ከራሷ ላይ አውልቃ በእጇ ጨብጣዋለች። ያቺ ወሬ የማያልቅባት ሴት አባቴን ብቻ አየችው። አባቴም ቀና ብሎ አያት። ሞረዱ ቀንዱ ላይ እንዳለ ቆመ። ያኔ እናቴ አርፋለች። አባቴ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ጣሳው፣ ከዚያ ወደ ቀንዱ። እንደገና መሞረድ ጀመረ፤ ከቅድሙ ይልቅ ቀስ ብሎ።

«ሞላ፣ አባዬ» አልኩት። «ልውሰድላት?»

«ገና ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ያዢ።»

ዱቄቱ ከጣሳው አፍ እየተረፈ ጫማዬ ላይ ይወርድ ነበር። እንዳይባክንባት ብዬ ሌላውን እጄን ከሥር ዘረጋሁለት።